ችካሉ የተነቀለበት ቤት

«እኛ እኮ አልጠየቅንም» አለች ይመኙሻል፣ የመዝጊያውን ጠርዝ በሁለት እጇ እንደያዘች።

«አለመጠየቃችሁማ ተመዝግቧል» አለ የችካል ሹሙ። «እንዲያውም የመጣነው ስላልጠየቃችሁ ነው። እጅዎን ቢያነሱልኝ፣ ወይዘሮ፤ መዝጊያው ሲለቀቅ ጣት ይይዛል።»

እጇን አላነሳችም። ሹሙ ሸዋቀና ይባላል። ቀጭን፣ ትሁት፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። በቆዳ ቦርሳው ውስጥ መዶሻና ጉጠት ይዟል። ከኋላው አንድ ጸጉሩ የሸበተ ጸሐፊ ታጣፊ ወንበር በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

«ማነው?» አለ ከጓዳ ባሏ ማንደፍሮ።

«ማንም አይደለም» አለች።

ሹሙ አልተቀየመም። «እንደሱ ቢያዩን እኛም ደስ ይለናል» አለና ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። ሲያነብ ድምፁ ቅዳሴ እንደሚያደርስ ሰው ረዘም አለ።

«በዚህ ቤት በር ላይ የነበረው ችካል ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ተነሥቷል። ባለቤቱ ሙሉ ስፋት ተሰጥቶታል። ባለ ሙሉ ስፋት በበሩ እንደ ፈቃዱ ያደርጋል፤ ደፉ ላይ ቆሞ የፈለገውን ይናገራል። አጠቃቀሙ ሦስት ቀን ይታያል። ያልተጠቀሙበት ስፋት የተናቀ ስፋት ነው።»

«የናቀው ሰውስ ምን ይሆናል?»

«እሱ ሌላ ወረቀት ላይ ነው ያለው።»

«ሌላው ወረቀትስ?»

«ሌላ ሰው ጋ ነው» አለ ሸዋቀና ፈገግ ብሎ። ከዚያ በጎኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከመዝጊያው ኋላ ተንበረከከና ጉጠቱን አወጣ።

ማንደፍሮ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። ሹሙ ቀና ብሎ አየው።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ አቶ ማንደፍሮ። ልክ እርስዎ እንደጻፉት ነው። ሳይጠይቁ።»

ችካሉ የጥርስ መነቀል ድምፅ አሰማ። መዝጊያው በራሱ ክብደት እየተጎተተ፣ እየጮኸ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ነካ። ከኋላው የነበረው መደርደሪያ ተሰባበረ። የማንደፍሮ የወረቀት ሣጥንም ወድቆ ተከፈተ። ሹሙ ሣጥኑን ራሱ አነሣላቸው። ሲያነሣ ግን ቸኩሎ አልነበረም።

፨

የዚያች ከተማ ነገር እንዲህ ነው።

በሮቿ ሁሉ ወደ ውስጥ ይከፈታሉ። ከእያንዳንዱ በር ኋላ ወለሉ ላይ የወይራ ችካል ተተክሏል፤ መዝጊያው እዚያ ደርሶ ይቆማል። ችካሉ የት እንደሚተከል የሚወስነው የስፋት ጽሕፈት ቤት ነው። ስንዝር ከጋት የተፈቀደለት አለ፤ ክንድ የተፈቀደለት አለ፤ ክንድ ከስንዝር የተፈቀደለት አለ። ችካል የሌለው ሙሉ ይባላል። ሙሉዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስማቸውንም ማንም ጮክ ብሎ አይጠራም።

ሰው የሚናገረው በበሩ ልክ ነው። ስንዝር ከጋት ያለው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤናና ስለ ሽንኩርት ያወራል። ክንድ ያለው ጎረቤቱንም መጨመር ይችላል። ክንድ ከስንዝር ያለው ስላለፈ ዘመን ያወራል፤ ያለፉት ሰዎች በእርግጥ ማለፋቸው ከተረጋገጠ። ሙሉው ስለ ሁሉም።

ቀን በር አይዘጋም። ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት መዝጊያው ችካሉን ነክቶ መቆም አለበት። ከችካሉ ያሳለፈ ሰው ስፋት ሰርቋል፤ ከችካሉ ያጎደለ ደግሞ የተሰጠውን ንቋል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ «ወለሉን እይ፣ ችካሉ አለ አይደል?» ይሉታል። መልሱ ይኸው ነው።

አብዛኛው ሰው ስንዝር ከጋት ስለሆነ ወደ ቤቱ የሚገባው በጎኑ ነው። በዚያች ከተማ የሸሚዝ ቁልፍ ቶሎ ይረግፋል። አልጋ አራት ቦታ ተቆርጦ ይገባና ውስጥ ይገጣጠማል። ሙሽራ ከነሚዜዎቿ አንድ በአንድ በጎኗ ትገባለች። እርጉዝ ሴት ሰባት ወር ሲሞላት ትመርጣለች፤ ወይ ውስጥ ትከርማለች፣ ወይ ውጭ።

ችካል ለተራ ሰው የሚነቀለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሬሳ በጎኑ አይወጣማ። ስለዚህ ከአንድ ቤት የችካል መነቀል ድምፅ የተሰማ እንደሆነ፣ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም። ነጠላውን ዘቅዝቆ ይመጣል።

፨

ቀድመው የደረሱት እትዬ ሽታዬ ነበሩ። ግድግዳቸው ከይመኙሻል ግድግዳ ጋር አንድ ነው፤ አልቅሶ በማስለቀስ ደግሞ በሰፈሩ የሚተካከላቸው የለም። ገና ደፉን ሳይረግጡ ጀመሩት፦

«በጎንህ ስትገባ ዘመንህ አለቀ፣
በደረትህ ስትወጣ በሩ ተላቀቀ።»

የተከተሏቸው ሴቶች ተቀበሉ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዘርይሁን የተጠቀለለውን ድንኳን በሁለት ሰው አሸክመው መጥተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ይመኙሻል «ኧረ ቆዩ! ኧረ ማንም…» ትላለች፣ እነሱ ደግሞ ኀዘን ያናገራት መስሏቸው ይይዟታል፣ «አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል።

በዚህ መሐል ማንደፍሮ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ።

ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ ነሃ!» አሉ እትዬ ሽታዬ ተቆጥተው።

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ችካሉ?»

«ተነሣልን። ሙሉ ሆነናል» አለና ውሃውን ጠጣ። «ግጥሟ ግን ጥሩ ናት፣ እትዬ። አስቀምጡልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ መጀመሪያ ግድግዳውን የነካውን መዝጊያ አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፣ በመጨረሻ ይመኙሻልን አዩ። አቅፋት የነበረችው ሴት ክንዷን ቀስ ብላ ከትከሻዋ ላይ አነሣች፤ ትኩስ ድስት የነካች ይመስል ነበር።

«ምን ብትነግሯቸው ነው?» አለች አንዷ ከኋላ፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሆና።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ አቶ ዘርይሁን። ድምፃቸው ግን ነፍስ ይማር የሚሉበት ድምፅ ነበር።

«ድንኳኑን አትወስዱትም?» አለቻቸው ይመኙሻል።

«ከባድ ነው። ዛሬ እዚሁ ይደር» አሉ አይኗን ሳያዩ።

ከዚያ ወጡ። መዝጊያው እስከ ግድግዳው ተከፍቷል፤ ሁለት በሬ ጎን ለጎን ያሳልፋል። እነሱ ግን አንድ በአንድ፣ ደረታቸውን ወደ መቃኑ አዙረው፣ ሆዳቸውን ስበው፣ በጎናቸው ወጡ።

ጸሐፊው ከመንገዱ ማዶ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። መዝገቡን ጭኑ ላይ ገለጠ።

፨

ማንደፍሮ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው በቃላት ክፍል ነው። ሥራው የአገሩን ትልቁን መዝገብ ማዘጋጀት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቃል ትርጉም ይጽፋል፣ ኮሚቴ ያነበዋል፣ ያልፋል።

ከስፋት ጋር የተዛመዱት ቃላት ብዙም አላስቸገሩትም ነበር። «ወርድ» የጨርቅ ጉዳይ ነው ተባለና አለፈ። «ፈቃድ» አስቀድሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ተጽፎ ስለነበር ገልብጦ አስገባው። «ኬክሮስ» ምድርን የሚከብ፣ ከወገቧ ጀምሮ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚቆጠር የሐሳብ መስመር ነው ብሎ ጻፈ፤ በእግሩ የሚሄድበት ሰው ስለሌለ እሱም አለፈ። ከዚያ «ስፋት» ላይ ደረሰ።

«ሰው ሳይጠይቅ የሚዞርበት ቦታ» ብሎ ጻፈ።

ኮሚቴው «ሳይጠይቅ» በምትለው ላይ አንድ ወር ተቀመጠ። በመጨረሻ ሰረዟት። የቀረው «ሰው የሚዞርበት ቦታ» የሚል ሆነ። አንድ ሽማግሌ የኮሚቴ አባል መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼማ የእስር ቤት ግቢ ነው» አሉ፤ በማግሥቱ ስብሰባው ላይ አልተገኙም። ገጹ ባዶውን ቀረ። ማንደፍሮ ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ ክንድ ከስንዝር ላይ የነበረው ችካሉም ስንዝር ከጋት ላይ ተመታ።

ይህ የሆነው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

«ገባሽ?» አላት ያን ቀን፣ በሩ መሐል ወንበር አስቀምጦ ነፋሱ ሸሚዙን እየነፋለት። «ገጹ አሁንም ባዶ ነው። ጨነቃቸው። ወደ እኔው ተመለሱ።»

«ችካል የሚነቅል ሰው በኮሚቴ የተሰረዘ ቃል ከየት አወቀ?»

«ነግረውት ነዋ!»

«ለምን ይነግሩታል?»

«አንቺ ደግሞ ንፋስ ሲገባ እንኳ ማን ላከህ ትይዋለሽ» አለና ሳቀ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስቆ አያውቅም፤ ይመኙሻልን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ሳቁ ነበር።

ዘወር ብላ ቤቷን አየችው። ስንዝር ከጋት በነበሩ ጊዜ ከመዝጊያው ኋላ የነበረው ቦታ የእነሱ ነበር። እንስራው እዚያ ነበር፣ መደርደሪያው እዚያ ነበር፣ የሱ ወረቀቶች እዚያ ነበሩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው አንድ ቀጭን የግድግዳ ቁራጭ ብቻ ነበር። አሁን አልጋው ይታያል፤ የአልጋው ልብስ መጣፉ ይታያል፤ እሷ ቆማ ስታስብ ትታያለች። ሙሉ ስፋት ገባና ቤታቸው ጠበበ።

፨

ማንደፍሮ ያን ቀን ብዙ አልተናገረም። የፈለገውን ተናገር የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት የለመደው ነው። ዘንድሮ ዝናቡ መዘግየቱን ተናገረ። ጉልበቱን እንደሚያመው ተናገረ። ጸሐፊው ሁሉንም ጻፈ።

ወደ ቀትር ሸዋቀና መጥቶ መዝገቡን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አቶ ማንደፍሮ፣ ይህ የስንዝር ከጋት ወሬ ነው።»

«ገና እየሞከርኩት ነው።»

«ይሞክሩት። ግን ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ እየሄደ ነው። አለቆቼ በጣም ነው የጓጉት። ነገ ትንሽ ሰፋ ቢያደርጉት ጥሩ ነው።»

«ምን ያህል?» አለች ይመኙሻል።

ሹሙ ወደ እሷ ዞረ። «ሙሉ የሆነ ሰው ምን ያህል ብሎ አይጠይቅም፣ ወይዘሮ» አለ በትሕትና። የተወለወለ ጫማው ደፉን አልነካም፤ ደፉ ላይ የቆመ ሰው የሚናገረው ስለሚጻፍ፣ እሱ ሁልጊዜ ከደፉ አንድ እርምጃ ወዲያ ነበር የሚቆመው።

በማግሥቱ ማንደፍሮ ሰፋ አደረገው። የቃላት ክፍሉን አነሣ፣ የተሰረዙትን ቃላት አነሣ፣ ከስብሰባው የቀሩትን የኮሚቴውን ሽማግሌ ስማቸውን ጠራ። መንገዱ ባዶ ነበር። ሰዎች ማዶ ለማዶ፣ ግድግዳ ተጠግተው፣ ጆሯቸውን በነጠላ ሸፍነው ያልፋሉ። የጸሐፊው ብዕር ጭረት ብቻ ይሰማል። ማንደፍሮ የሚሰማው ሰው ያገኘ መስሎት ወደ ጸሐፊው እያየ ይናገር ነበር።

«ነገ በቀትር» አለ በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የስፋትን ትርጉም እዚሁ ቆሜ እናገራለሁ። ሳላጎድል።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፣ ቀና ብሎ አየው፣ መልሶ ጻፈ።

፨

ይመኙሻል ችካሉን ያገኘችው በዚያው ከሰዓት፣ ስትጠርግ ነው። መዝጊያውን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጋ መጥረጊያውን ወደ ጥግ ስትሰድ ከመደርደሪያው ስብርባሪ ሥር አንድ ነገር ተንከባለለ። ጎንበስ ብላ አየችው። ችካሉ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ በቀጭን ክር ሁለት ቦታ ታስሯል።

እጇ ላይ ይዛው ብዙ ቆየች።

ችካል ተነቅሎ በር ሙሉ ሲለቀቅ ከዚህ በፊት በሕይወቷ ሦስት ጊዜ አይታለች። ሁለቱ የእናቷና የወንድሟ ቀን ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ የችካል ሹሙ ነቀለ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለ፣ በክር ሁለት ቦታ አሰረ፣ ከመዝጊያው ኋላ ጥግ ላይ አስቀመጠ፤ ሬሳው ወጥቶ ለቀስተኛው ሲመለስ ፈታውና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ መታው። ደንቡ ነው። ችካሉ ከቤቱ አይወጣም፣ ምክንያቱም ወዲያው ይፈለጋል።

ሦስተኛውን ያየችው የገበያው የሚዛን ሹም ቤት ነው። እሱ በእውነት ሙሉ ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ ችካሉን ነቅለው ይዘውት ሄዱ፤ ጉድጓዱን በኖራ ደፈኑት፤ ኖራው ሲደርቅ የሰፈሩ ሕፃናት እየመጡ ይነኩት ነበር።

ወለሉን አየች። የእነሱ ጉድጓድ አልተደፈነም። አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

፨

እትዬ ሽታዬ ጋ ስትሄድ አሮጊቷ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ስትጠጋ መዳፋቸውን አነሡ።

«አትግቢ። እዚያው ሆነሽ ስለ ሽንኩርት አውሪ።»

ይመኙሻል ዙሪያዋን አየች። ጸሐፊው ከሩቅ አንገቱን ወደነሱ መልሷል።

«እትዬ» አለች፣ «ከመሬት የተነቀለ ሽንኩርት ስንት ቀን ይቆያል?»

«በጨርቅ የተጠቀለለ ነው?»

«በነጭ ጨርቅ።»

እትዬ ሽታዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሦስት ቀን» አሉ። «የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪው የደምሳሽ ሽንኩርት ሦስት ቀን ነው የቆየው። ያቺ ማዶ የነበረችው አዋላጅም እንደዚሁ።»

«ታመው ነበር?»

«ሽንኩርት ይታመማል እንዴ? ደህና ነበሩ። ደምሳሽማ ይባስ ብሎ ዘፍኖ ነበር። ‹ሙሉ ሆንኩ› ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ውሃው የት እንደሚሄድ ተናገረ። በሦስተኛው ቀን አለቀስኩለት።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ግጥሙን በመጀመሪያው ቀን ነበር የሠራሁት። ያኔም ሞተ መስሎኝ ሮጬ ሄጄ። አንድ ቃል መቀየር አላስፈለገኝም፣ ልጄ።»

«ዝም ያለስ የለም?»

«አዋላጇ ዝም አለች። ናቀች ተባለ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

አሮጊቷ አይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «እኔ ስንዝር ከጋት ነኝ፣ የኔ እናት። ስለ ማድረግ አላወራም።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጸሐፊው እንዲሰማ፣ «ዘንድሮ ሽንኩርቱ ቀጭን ነው! በይ ሂጂ!» አሉ።

፨

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥቅሉን ማንደፍሮ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

ፈታው፣ አየው፣ መልሶ ጠቀለለው። እንደሷ ቶሎ አልገባውም፤ ወይም ቶሎ እንዲገባው አልፈለገም።

«ጨርቁ ንጹሕ ነው» አለ።

«የሬሳ ጨርቅ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ማንዴ።»

«ረስቶት ይሆናል።»

«ሁለት ቦታ አስሮ የሚረሳ ሰው አለ?»

ማንደፍሮ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። ውጭ የአቶ ዘርይሁን ድንኳን አሁንም ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። «ዛሬ ይደር» ያሉት ሰውዬ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ሊወስዱት አልመጡም።

«ዐሥራ አንድ ዓመት በጎኔ ገባሁ፣ በጎኔ ወጣሁ» አለ። «ለአንድ ቃል ብዬ። አሁን ያቺን ቃል በደረቴ ቆሜ ልበላትና የመጣው ይምጣ።»

«የሚመጣው እኔ ላይ ነው። አንተማ ትወጣለህ፤ እነሱ ችካሉን መልሰው ሲመቱት ውስጥ የምቀረው እኔ ነኝ።»

«ዝም ብልስ? አልሰማሽም እንዴ፣ ዝም ያለ ንቋል ነው የሚሉት።»

«ብትናገር ይወስዱሃል፤ ዝም ብትል ይወስዱሃል።»

«እሺ፣ ታዲያ የትኛውን ትመርጪያለሽ?»

 ሹሙ የተወላቸው ወረቀት መሶቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንሥታ በመጨረሻው ብርሃን አነበበችው፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ሦስተኛ። ሁለት ቀን ሙሉ እሱም፣ ሹሙም፣ ጎረቤቱም ሲያወሩ የነበሩት ስለ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ሁለተኛ ግማሽ ነው፤ ስለ መናገሩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ማንም አላነሣውም።

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ነገ ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ» አለችው።

፨

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሸዋቀና ብቻውን አልመጣም። አብረውት ሁለት ረጃጅም ሰዎች ነበሩ። ምንም አልያዙም። ባዶ እጃቸውን የመጡ ሰዎች ይዘው የሚመለሱት ነገር እዚህ አለ ማለት ነው፣ ብላ አሰበች ይመኙሻል።

አቶ ዘርይሁን ከድንኳኑ አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው ገመዱ ላይ ነው። እትዬ ሽታዬ በራቸው ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን ገና አልዘቀዘቁትም፣ ጥለቱን ግን በሁለት ጣታቸው ይዘውታል። መንገዱ ማዶ ጸሐፊው አዲስ ገጽ ገልጧል። ከሩቅም ቢሆን ገጹ ላይ ከላይ የተጻፈች አንዲት ቃል እንዳለች፣ ከሥሯም ባዶ እንደሆነ ይታያል።

ማንደፍሮ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ደፉ ላይ ወጣ። ደረቱን ለመንገዱ ሰጠ። ቁልፎቹ ሁሉ አሉ።

«ስንጠብቅዎት ነበር» አለ ሸዋቀና፣ ከደፉ አንድ እርምጃ ወዲያ።

ማንደፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስፋት ማለት…» አለ።

የይመኙሻል እጅ ከኋላ የሸሚዙን አንገት ያዘ። አልጎተተችውም፤ ያዘችው ብቻ። ዞሮ አያት። በሌላው እጇ ችካሉን ይዛለች፤ ጨርቁ የለም።

ምን እንዳየባት አይታወቅም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከደፉ ወረደ፤ ቤቱ ውስጥ ሆነ።

እሷ መዝጊያውን ከግድግዳው አላቀቀችው። ማጠፊያዎቹ ጮኹ።

«ወይዘሮ» አለ ሸዋቀና። «ቀን ነው እኮ!»

«ቀን ነው» አለች።

«ቀን በር አይዘጋም!»

«‹ባለ ሙሉ ስፋት በበሩ እንደ ፈቃዱ ያደርጋል› ይላል።»

«ክፈቱት ማለት ነው!»

«ክፈቱት አይልም።»

ሸዋቀና እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፣ የራሱን ቅጂ አወጣ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሁለቱ ረጃጅም ሰዎች እሱን ያያሉ። ጫማው ወደ ፊት ሊራመድ ተነሣ፣ ከደፉ በላይ ጥቂት ቆየ፣ ተመልሶ ወረደ።

«የተሰጠው ለባለቤቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «ለእርስዎ አይደለም።»

ይመኙሻል መዝጊያውን አልለቀቀችም። ያኔ የማንደፍሮ እጅ መጥቶ ከእጇ በላይ መዝጊያው ላይ አረፈ። ጣቶቹ ላይ አሁንም የቀለም እድፍ አለ። ገፋ።

መዝጊያው ክንድ ከስንዝር ላይ ደረሰ። የአቶ ዘርይሁን እጅ ከድንኳኑ ገመድ ላይ ወረደ።

ክንድ ላይ ደረሰ። እትዬ ሽታዬ ጥለቱን ለቀው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ስንዝር ከጋት ላይ ደረሰ። ዐሥራ አንድ ዓመት የኖሩበት ቦታ ነው፤ መዝጊያው እዚያ ጋ በልማድ ሊቆም የፈለገ መሰለ። አልቆመም።

ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሣ። መንገዱን ግማሽ ድረስ ተሻግሮ፣ መዝገቡን ክንዱ ላይ እንደዘረጋ፣ ብዕሩን ባዶው ገጽ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣው ሰው ነው። አንድ ጣት በቀረችው ክፍተት ውስጥ አይኑ ከይመኙሻል አይን ጋር ተገናኘ።

«ጠይቃችሁ ነው?» አላት።

በሩ ተዘጋ።